ጊታሩን በስም የጠራህበት ካሴት

ይርጋዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ጥምቀት አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ ታቦቱን ከደጃችን ቆሜ ነው የሸኘሁት፤ ያላንተ ሰው መሀል መግባት እግሬ እምቢ አለኝ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት አገር መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ አለሁ። መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ። ዘፈኑን ሁሉ አንተ እየጻፍክ፣ እኔ በቃሌ እያጠናሁ ሃያ ዓመት ኖርን፤ ዘውዴ አፏ እንጂ እጇ አልተፈጠረም እያልክ ስትስቅብኝ። ይኸው ዛሬ እጄ ተፈጠረልህ። ጨንቆኝ ነው የምጽፍልህ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት ዋናዋን ካሴት ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። አዎ፣ ያችኑ፣ ሁለተኛው ገጿ ላይ ስም የጠራህባትን። ደግሞም ሳትሰማው የሄድክ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልነግርህ ሰኞ እንዲነጋ አልፈልግም።

አስቀድሜ የቤትህን ልንገርህ። አኮርዲዮንህ አልጋው ሥር ነው፣ በጋቢህ ጠቅልዬዋለሁ። ስጠርግ ሳነሳው ከሆዱ ትንሽ ትንፋሽ ያወጣል፤ ደንግጬ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ጊታሩን ግን የገባ የወጣ ሁሉ እንዲያየው ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ድራመኛችን ላቀው ግራ ጆሮው ጭራሽ ደንቁሯል። ከጸሎት መልስ ይመጣና ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ። የበኩር ልጁ ከግንባር መጻፍ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ፖስታ ቤት መሄዱን ግን አልተወም።

ከተማዋማ ምን ከተማ ሆነች ብለህ ነው! መኪናው ወታደር እየጫነ ወደ ሊማሊሞ ይወርዳል፣ ሲመለስ ባዶውን ነው። የጎንደር አውቶቡስ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ከቆላው በኩል አልፎ አልፎ የሚያጉረመርም ነገር ይሰማል፤ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና ደመና ሲያጣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ገበያ ላይ ሰው ድምፁን ቀንሶ ነው የሚገዛው። ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ስለ ልጇ ስትጠየቅ የምትመልሰውን አዘጋጅታ ነው የምትወጣው። እኛ ከሁሉ ቀድመን አዘጋጀን።

ልጃችን ደጀን በብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝር ላይ ስሙ ሲወጣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ሞተ እንበል ያልከው አንተ ነህ። በሕይወት ባለ ልጅ ልቅሶ አይቀመጡም፣ ሞትን በስሙ ጠርቶ ና ማለት ነው ብዬ ጉልበትህን ይዤ ለመንኩህ። አይ አንተ፣ መቼ ሰው ሰምተህ! ድንኳኑ ተተከለ። ደባርቅ ነቅሎ መጣ። የባህል ኃላፊው ጓድ ስንታየሁ ሳይቀር መጥቶ እጅህን ይዞ ዕንባውን አፈሰሰ። እኔም ሙሾ አወረድኩ፤ ድምፄ የታወቀ ሴት ነኝ፣ ባላወርድ ይጠረጥራሉ። ልጄ ጓዳ ውስጥ፣ ከገብሱ ጆንያ ጀርባ ተቀምጦ የራሱን ሙሾ ከእናቱ አፍ ሰማ። ለቀስተኛው ሲበተን ገብቼ ሳየው፣ እማዬ ግጥሙ ያምራል ብሎኝ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሙሾ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ባለቤቱን የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ካሴት እንሥራ አልክ። ደረትህን ልትታይ ጎንደር ሄደህ የተመለስክ ዕለት ነው። ሐኪሙ ያለህን ለማንም አልተናገርክም። ለእኔም አልነገርከኝም፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ካሴት እንሥራ ስንልህ ገና ነው፣ ገና አልበሰልንም የምትል ሰው ድንገት ጫማህን ሳታወልቅ እንሥራ ስትል ገባኝ። ባንዳችን የደጋ ኮከብ ከዳባት ሠርግ እስከ ጎንደር ሆቴል ያልተጫወተችበት ቦታ የለም፤ አንድ እንኳ ድምፃችን የተያዘበት ነገር ግን አልነበረንም። ጊታራችን አስፋው በዚያ ክፉ ዓመት ከቤቱ ተወስዶ ከቀረ ወዲህ ሦስት ሆነን ነበር፤ አንተ በአኮርዲዮን፣ ላቀው በድራም፣ እኔ በድምፅ። የአስፋው ጊታር እኛ ቤት ቀርቶ ደጀን አደገበት። ጓዳ ከተደበቀ ጀምሮም ክሮቹን በጨርቅ እያፈነ ሲለማመድ ይውል ነበር።

ያለ ጊታር እንቅዳ አልኩህ። ላቀውም አለህ። ጎደሎ ካሴት ትቼ አልሄድም አልክ። ወዴት እንደምትሄድ ማናችንም አልጠየቅንህም። እውነቱን ልንገርህ ይርጋዬ፣ ያን ጊዜ ተናድጄብህ ነበር። የልጅህን ነፍስና የዘፈንህን ማማር አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥክ። ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ልጄ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ ሲመታው፣ ይህ ከሌለበትማ አልዘፍንም አልኩ በልቤ።

ልማድህን የማያውቅ አልነበረም። ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ስማችንን ትጠራለህ፣ እኛም በየመሣሪያችን እንመልሳለን። ላቀው ስትል ድራሙ ዱብ ይላል። ዘውዴ ስትል እኔ ድምፄን ትንሽ ሳብ አደርጋለሁ። ሠርግም ላይ ቢሆን፣ ልምምድም ላይ ቢሆን ያልተጠራ አይጫወትም። አስፋው ከተወሰደ በኋላ በእሱ ተራ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብለህ ታልፍ ነበር።

በዚያ እሑድ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነን ተቀመጥን። የተዋስነውን ቴፕ ድራሙ እንዳያንቀጠቅጠው በታጠፈ ጋቢ ላይ አኖርከው። አኮርዲዮኑ ያን ቀን ደረትህን ስለከበደህ ከጥግ አስቀመጥከው፤ ዘፈኑን የተሸከመው ጊታሩ ነበር። ዛሬ መጥራት የለም፣ በእጅ ምልክት ነው የምንጀምረው ብለህ አንተው ራስህ አስጠነቀቅከን። የመጀመሪያው ገጽ እንዳልከው አለቀ። ካሴቷን ገለበጥክ፣ ባትሪ ድንጋዩን ቀየርክ። ደስ ብሎህ ነበር። ሳል እንኳ ትቶህ ነበር። ቀዩን ቁልፍ ተጫንክና ላቀው አልክ። ዱብ። ዘውዴ አልክ። ሳብኩ። ደጀን አልክ፤ ጊታሩ መለሰ። ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ፣ ማናችንም ልብ አላልንም። ሃያ ዓመት የሰማነውን ነገር ማን ያዳምጠዋል?

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ላቀው ካሴቷን ከፈቃድ ማመልከቻው ጋር ይዞ ለሳንሱር ወደ ጎንደር ተሳፈረ። ማመልከቻው ላይ የተቀዳበት ቀንና የሦስታችን ስም ተጽፏል። ቁርስ ላይ ነበርን። ጉርሻው እጅህ ላይ ቀረ። ጠርቼዋለሁ አልከኝ። ማንን ስልህ ያለ ጋቢ ወጣህ። ገብስ የጫነ መኪና ለምነህ ዳባት ስትደርስ አውቶቡሱ ኬላውን አልፎ ነበር፤ አቧራው ገና አልተኛም ነበር አልከኝ። ከዳባት ግማሹን መንገድ በእግርህ፣ በረዶ እየወረደብህ ተመለስክ። ያ ደረትህ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም።

ያለቀሱለት ልጅ ሁለት ወር ቆይቶ በተቀዳ ካሴት ላይ ሲጠራ ይመልሳል። ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ደጀንን ለማሸሽ ብናስብ ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ ቡይት ራስ ላይ ጠባቂ አለበት። በር በተንኳኳ ቁጥር ልጁ ጆንያው ሥር ይገባል፣ እኔ ድስት አንኳኳለሁ፣ አንተ ማሳል ትጀምራለህ።

ከዚያ ጓድ ስንታየሁ ጠራህ። ስትመለስ የነገርከኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ከጎንደር የተላከችለትን ካሴት ከፍቶ የገዛ ድምፅህን አሰማህ። ሙት ይመልሳል ወይ ጋሽ ይርጋ አለህ። አንተም፣ ደጀን የጊታሩ ስም ነው አልከው። ልጄ ከሞተ ወዲህ በስሙ ነው የምጠራው፣ የምጫወተውም እኔ ነኝ፣ ስሙን ካልጠራሁ ቤቱ ይጨልምብኛል አልክ። ሰውየው ቴፑን ዘጋ። ከዚያ፣ እንግዲያውስ በአብዮት በዓል አደባባይ ላይ በጊታርህ እንሰማሃለን ብሎ አሰናበተህ። አምኖህ ይሁን ገመድ እያረዘመልህ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክረምቱን ሙሉ አባት ከልጁ ተማረ። ወይ ጉድ! ሰው አንድ ድምፅ ሲስት እንደ እባብ የምታየው ይርጋ፣ ልጅህ አውራ ጣትህን እየመታ አይደለም አባዬ፣ እንደገና ሲልህ አንገትህን ደፍተህ እሺ ትለው ነበር። ጣቶችህ አብጠው በጨው ውሃ እየዘፈዘፍኩ አበርድልህ ነበር። አንድ ቀን በንዴት ይህ ነገር እንጨት ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም ብለህ ስትጥለው ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን፤ ሳቁ ሳልህን አመጣና ነጠላዬ ላይ ደም አየሁ። አጥቤ አሰጣሁት።

የበዓሉ ቀን የቡይት ራስ ጠባቂዎች በሙሉ ለሰልፉ እንደሚወርዱ የሰማው እንየው ነው፣ ከተራራው ላይ ከጊች የሆነው ዘመዴ፣ ባለ በቅሎው። አንድ ሰዓት ከሰጣችሁኝ ልጁን ከጭነት ጋር አሳልፈዋለሁ አለ። አንተ የተፈቀደልህ አንድ ዘፈን ነበር። በርጩማ ላይ ተቀመጥክ፣ ጊታሩን ጭንህ ላይ አደረግህ። ጓድ ስንታየሁ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ዓይኑ ጣትህ ላይ ነበር። ደባርቅ ያውቅሃል ይርጋዬ። ያገባው ሁሉ በአንተ አኮርዲዮን ነው ያገባው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ አኮርዲዮኑስ አላለም። ዘፈኑን ጨረስክ። ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም። ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ሴት ይደገም ብላ ጮኸች። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አደባባዩ ሙሉ ይደገም፣ ይደገም አለ። ምን እንዳወቁ አላውቅም። ስድስት ጊዜ አስደገሙህ። ስድስት ጊዜ እስትንፋስህን ከየት እንዳመጣኸው እግዜር ይወቅ። የመጨረሻው ላይ ክሩ በደም ቀልቶ ነበር።

ቤት ስንገባ ጓዳው ባዶ ነበር። ጆንያው ላይ የተቀመጠበት ቦታ እንደ ጎደጎደ ነበር፤ እጅህን እዚያ አሳርፈህ ብዙ ቆየህ። ከዚያ ተኛህ። ሦስት ሳምንት የበቅሎ ኮቴ በሰማህ ቁጥር ከትራስህ ቀና ትላለህ፣ እኔን ታየኛለህ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። መስቀል አልፎ፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል ሄድክ። ሳትሰማ ሄድክ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን ስማኝ የኔ ጌታ። ልጅህ ደርሷል። በሠልስትህ ዕለት እንየው ከለቀስተኛው ጋር ገባ፣ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ እያለቀሰ በጆሮዬ፣ ጊች ገብስ እያጨደ ነው፣ በሌላ ስም ይጠራል፣ ደህና ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ቤቱን በጩኸት ያናጋሁት። ሰው ሁሉ ላንተ መሰለው። ላንተም ነበር፤ ሦስት ቀን ብትታገስ ምን ነበረበት?

ካሴቷ ወጣች። ያባዛው ሰው ጥሪውን ቆርጦ ጥሎታል፣ ዘፈን አይደለም ብሎ። ልባሷ ላይ ጊታር፣ ይርጋ ይላል። በአውቶቡሱም በሻይ ቤቱም ትዘፈናለች፤ ሰው እግዜር ያኑራችሁ ሲለኝ አሜን ብዬ አልፋለሁ። ጥሪው ያለው ዋናዋ ካሴት ላይ ብቻ ነው፣ እሷም እኔ ዘንድ።

ጓድ ስንታየሁ ከዘንድሮው ጥምቀት በኋላ ተዛወረ። አዲሱ ሰው ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሲናገር ጎንበስ ብለህ ነው የምትሰማው። ዘፈን የሚያዳምጠው ክስ እንደሚያነብ ሰው ነው ይላሉ። ሞቱ ተብለው መቃብራቸው ያልታየ ልጆችን ዝርዝር ይዟል፤ አንዷን እናት ልጅሽን የት ቀበርሽው ብሎ ሦስት ቀን አቆይቷታል። አሁን ደግሞ ዋና ካሴቶች ሁሉ ይምጡ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሰማቸዋለሁ ብሏል። ስንታየሁ የጊታሩን ስም ነገር ጽፎ ትቶለት ይሁን አይሁን አላውቅም። እንየው ከወረደ ሁለት ገበያ አለፈው። ጦሩ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ሰፍሯል የሚል አለ፣ ጊች ገብቷል የሚልም አለ። እኔ የምሰማው ያን የገዛ ሙሾዬን ነው።

ላቀው አቃጥያት አለኝ። ባቃጥላት ለምን አቃጠልሽ ይሉኛል። ደግሞስ እንዴት አድርጌ? በዘፈን ያልሆነ ድምፅህ፣ እንዲሁ እንደ ሰው የምትናገርበት፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለው እዚያች ካሴት ላይ ነው። ሦስት ስም ነው። ሌላ የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ቴፑን ከላቀው ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ በሌላ አሮጌ ካሴት፣ ካለው ድምፅ ላይ ደርቦ መቅዳትን እየደጋገምኩ ተለማመድኩ። የእኔ ድምፅ ከሚያበቃበት ጊታሩ እስከሚጀምርበት ድረስ አንድ ቃል የምታህል ቦታ ናት። ብቀድም ራሴን አጠፋለሁ፣ ብዘገይ የልጄን ጣቶች አጠፋለሁ። ከዚያ ያንተን ካሴት አስገባሁ። ላቀው አልክ። ዘውዴ አልክ። ጣቴን ቀዩ ቁልፍ ላይ አድርጌ ጠበቅሁና ተጫንኩት፣ ደጀን ያልክበት ቦታ ላይ በራሴ ድምፅ አንድ ስም ተናገርኩ፣ ለቀቅሁት። ጠቅ የምትል ነገር ቀርታለች። የድራሙ ዱላ ነው እላለሁ። ሰውየው ከጠየቀኝም፣ መሪ ራሱን አይጠራም፣ ባሌን የምጠራው እኔ ነበርኩ እላለሁ። ባልሽ ምን ይጫወት ነበር ካለኝ ጊታር እላለሁ። እስክሞት እንደዚያ እላለሁ።

የልጃችንን ስም ከአፍህ ላይ በገዛ እጄ አጠፋሁ፤ ይቅር በለኝ። እንዴት አድርገህ እንዳልከው ግን መጨረሻው ላይ ሳብ ከማድረግህ ጭምር ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እሱን ማንም አምጪ ሊለኝ አይችልም። አኮርዲዮንህንም አልረሳም፤ ይህን ወረቀት አጣጥፌ ሆዱ ውስጥ እከተዋለሁ፣ አንተ ካልሆንክ በቀር ማንም እዚያ አይገባም። እግዜር ብሎ ያ ልጅ ከተራራው ከወረደ እዚህ አስቀምጬው ስማችንን ሁሉ እጠራለሁ፣ ባንተም ተራ፣ አንተ ለአስፋው ታደርገው እንደነበረው፣ አንድ ትንፋሽ ዝም እላለሁ።

እስከዚያው ካሴቷን ሦስት ጊዜ ሰማኋት። አንተ ላቀውን ትጠራለህ፣ እኔን ትጠራለህ። ከዚያ እኔ ይርጋ እላለሁ፤ ልጅህ ይመልሳል።

ያንተው ዘውዴ